ሙቀት ያስቀመጠው ሰው

ባንኮች በየዓመቱ የሚያድሉንን የግድግዳ ካላንደር እስቲ አገላብጣችሁ ተመልከቱ። መስከረም ላይ አደይ አበባ አለ። ጥቅምት ላይ ፏፏቴ፣ ታኅሣሥ ላይ የስሜን ተራራ ከነዋልያው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲደረስ ግን አዘጋጁ ይቸግረውና የባንኩን አዲስ ሕንፃ ይለጥፍልናል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ውበትንና እርጥበትን አንድ አድርገን የኖርን ሰዎች ነን፤ ዝናብ ያጠበው፣ ጉም የከበበው፣ ሣር የለበሰ ካልሆነ «ተፈጥሮ» ብለን አንጠራውም። ፀሐይዋ ስትበረታ «አገሩ ነደደ» ብለን መጋረጃ እንጋርዳለን፤ ተፈጥሮም እስከ ክረምት የዓመት ፈቃድ የወጣች ይመስለናል። እኔ በዚህ ወግ የምሟገተው ስሌቱ ተገልብጧል ብዬ ነው። ለትንንሽ ውበቶች ከሙቀት ወራት የተሻለ ጊዜ የለም። ምክንያቱም ሙቀት ሰውን ያስቀምጣል፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወዶም ይሁን ሳይወድ ያያል። ለምስክርነት የምጠራው ሐረርን ነው፤ ከሐረርም አቦከርን። አቦከር ከሐረሪ ክልል 9 ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ቱሪስት ፈልጎት የሚመጣ ስም ስላልሆነ ለምስክርነት ይመቻል፤ የሚያስመስልበት ምክንያት የለውም።

«ሐረር ደግሞ ምን ሙቀት አላት?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይሰማኛል። ድምፁ የድሬዳዋ ሰው ነው። መቼም በምሥራቅ ስለ ሙቀት ለመናገር ፈቃድ የሚሰጠው ድሬ ነው፤ እዚያ ሌሊት ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ግቢ መውጣት ያባት ደንብ ነው። ሐረሬው ሲያማርር የድሬው ሰው የሚያዳምጠው ጎረምሳ ስለ ወገብ ሕመም ሲያወራ እንደሚሰማ አዛውንት ነው። ቁጥሩም ቢሆን ከእሱ ጋር ወግኗል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ መንገደኛ አራት አምስት ዲግሪ ከኋላው ጥሎ ነው ሐረር የሚደርሰው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ከኤደን ወደብ እሳት አምልጦ ሐረር ሲገባ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው ብሎ ለቤተሰቡ ጽፏል። ራምቦ ግን የጻፈው በታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ ማን አይበርደውም? ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከሩብ ግድም ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናቷ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት፣ አንዴ በነሐሴ ማብቂያ። የነሐሴዋን ደመና ይሸፍንልናል። የሚያዝያዋ ግን ሁልጊዜ መሸፈኛ አታገኝም፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ የሰው ጥላ ከገዛ ጫማው ሥር ገብቶ ይደበቃል። የሐረር ሰው ታላቅ ታናሽ ሳይል ሁሉን «አንተ» ይላል ይባላል፤ ይህች ፀሐይም ያገሩን ልማድ ይዛለች፤ ለአቶም ለሐጂም «አንቱ» ማለት አታውቅም። ስለዚህ የድሬው ወገኔ ይፍቀድልኝ፣ ሙቀት አለን።

አሁን ወደ ሙግቱ። በጥቅምት ነፋሻ ቀን አንድ ጤነኛ ሰው ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ሸዋ በር ሲሄድ በመንገዱ ምን ያያል? ምንም። ጉዳይ አለዋ! ልብሱ አይከብደው፣ ላቡ አይወርድ፤ እግሩ ወዳሰበበት ያደርሰዋል፤ ዓይኑ ሥራ አጥቶ ይከተላል። ያው ሰው በሚያዝያ ስምንት ሰዓት ላይ ያንኑ መንገድ ሲጀምር ግን መጀመሪያ የሚያጠናው ጥላውን ነው። የድሮዋን ከተማ የከበበው የጀጎል ግንብ፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው፣ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አለው፤ በውስጡ ከ360 በላይ መተላለፊያዎች ተጠላልፈዋል። አብዛኞቹ ጠባብ ስለሆኑ ፀሐይዋ አናት ላይ ካልሆነች በቀር አንደኛው ወገን ጥላ ነው። የሙቀት መንገደኛ ይህን ስለሚያውቅ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል፤ ጠዋት በአንዱ ጎን፣ ከሰዓት በሌላው። ግድግዳ ታክኮ በዝግታ የሚሄድ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም። ኖራው በየዓመቱ በኖራ ላይ እየተደረበ እንደ ገጽ ሲላጥ፣ ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ ሲወጣ ያያል። ከስንጥቁ ውስጥ አንዲት የሾላ ችግኝ ሁለት ቅጠል አውጥታ ያገኛል። ማንም አልተከላትም፤ ወፍ ፍሬውን በልታ እዚያ አራችው፣ ድንጋዩ ያስቀረው ጥቂት እርጥበት አበቀላት። በጥቅምት ይህችን ችግኝ ያየ ሰው ካለ ወይ የጥገና መሐንዲስ ነው ወይ ፍየል።

እዚህ ላይ ሰው ብቻ ነው በሙቀት የሚቀመጠው እንዳይባል፣ እንስሳቱ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ሠልጥነዋል። የሐረር ጅብ ማታ በእንግዳ ፊት እየጎረሰ ዝነኛ ይሁን እንጂ ቀኑን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው የባቢሌ መጠለያ ያሉት ዝሆኖች ትልልቅ ጆሯቸውን እያራገቡ ደማቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ጆሮ ለመስማት ብቻ እንዳልተሰጠ ያውቃሉ። በስምንት ሰዓት ፀሐይ ሲሮጡ የሚታዩት ባጃጅና ቢሮ ቀጠሮ ያለው ሰው ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ጾም ነው። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ በሚኖርባት ሐረር ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ፣ አንዱ ከውሃም ሌላው ከቅባትም ታቅቦ፣ በሙቀት ወር ፀሐይዋን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚወርድ፣ ነጩ ኖራ መጀመሪያ ቅቤ መልክ፣ ቀጥሎ የበሰለ ማንጎ መልክ እንዴት እንደሚይዝ፣ የሐኪም ተራራ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቁር ከጾመኛ የበለጠ የሚያውቅ ሠዓሊ የለም። «ይሄ ውበት ማድነቅ ሳይሆን ረሃብ ነው» የሚለኝ አለ። አልክድም። ነገር ግን ሰው ጀምበር ስትጠልቅ በየቀኑ ለአንድ ወር ሳያሰልስ እንዲመለከት ያደረገ ሌላ ነገር ካለ ይነገረኝ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ ተማሪውን ይህን ያህል አያስገድድም። ሳምቡሳው እየተጠበሰ ሳለ ሽታውን ችሎ ሰማይ የሚያይ ዓይን የሠለጠነ ዓይን ነው።

ዛፉን ደግሞ እናምጣው። በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው፣ ጃንጥላ የመሰለ ሰፊ አናት ያለው ዛፍ ትውልዱ ከማዳጋስካር ነው። ድሬዎች ሙቀቱን በስማቸው ማስመዝገባቸው ሳያንስ ዛፉንም ወስደውታል፤ ቅሬታችንን እዚህ ላይ አሳርፈን እንለፍ። ዋናው ነገር የሚያብብበት ጊዜ ነው። ሌላው ተክል ቅጠሉን ጠቅልሎ «ዝናብ ሲመጣ ቀስቅሱኝ» በሚልበት በሞቃቱ ወራት፣ ይኸኛው ቅጠሉን አሳስቶ ከግንዱ በላይ ቀይ በቀይ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ የሚነድ ነገር ስለሚመስል ብዙ ሰው ቀይነቱን ብቻ ይዞ ያልፋል። ከሥሩ ተቀምጦ አንዲት የወደቀች አበባ ያነሣ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። አምስት ቅጠል አላት። አራቱ ቀይ ናቸው፤ አምስተኛው ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በነጭና በቢጫ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ከሺህ አበባ አንዷ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዷ ላይ አንዱ ቅጠል እንዲህ ከወንድሞቹ ተለይቷል። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር አያሻም። የሚያሻው ከዛፉ ሥር ለመቀመጥ የሚያስገድድ ምክንያት ነው፤ ይህንንም ፀሐይ በነፃ ታቀርባለች።

ወደ አንድ የአቦከር ቦኖ እንሂድ። በሙቀት ወራት ቦኖ ዙሪያ የጀሪካን ሰልፍ አለ፤ ቧንቧው ደግሞ፣ የሁላችንም ቧንቧ እንደሆነው፣ ማፍሰስ ያውቅበታል። ከሲሚንቶው ጠርዝ የምትወርደው ውሃ አቧራውን አርሳ መዳፍ የምታህል ጭቃ ትሠራለች። በዚያች ጭቃ ላይ በጠራራው ፀሐይ ቢራቢሮዎች ክንፋቸውን አጥፈው ተደርድረው ይቆማሉ። ውሃ የጠማቸው ይመስላል። እርግጥ ነው ይጠጣሉ፤ ግን የሚፈልጉት በዋናነት ጨውና ማዕድኑን ነው፤ ለዚህ የሚሰበሰቡት ደግሞ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ያጠራቀሙትን ጨው በሚገናኙ ጊዜ ለሴቷ ያስረክባሉ፤ ለእንቁላሎቿ ይሆናታል። በአጭሩ ጥሎሽ እያሰባሰቡ ነው። በሰልፉ ላይ ካሉት ጎረምሶች መካከል ስንቱ በተመሳሳይ ጉዳይ እንደተጠመደ መገመት ለአንባቢ ትቻለሁ። ከቦኖው በላይ ባለው ድንጋይ ላይ አውራው እንሽላሊት ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ስፖርት ይሠራል፤ ድንበሩን ማስከበሩ ነው፤ ክፍያ የማይጠይቅ ጂም። እንሽላሊት ደሙ የሚሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ይህን ትርኢት በብርድ ማለዳ የሚያይ ሰው የለም።

የጭልፊቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ለሙግቴ ይረዳኛል። ጊድር መጋላ የሥጋ ገበያ አጠገብ በዘንቢል ሥጋ ይዞ የወጣ ሰው ጭልፊትን የሚያውቃት በሌብነቷ ነው፤ ከጣራ ላይ ተወርውራ ከእጁ ነጥቃ ትሄዳለች፤ ሰውየውም ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እያሰላሰለ ይቀራል። እኩለ ቀን ላይ ግን ያቺው ቀማኛ ሌላ ፍጡር ናት። ፀሐይዋ የጣራውን ቆርቆሮና ድንጋዩን ስታግል የጋለው አየር ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭልፊቷ ይህን የሚወጣ አየር አግኝታ ክንፏን ዘርግታ ትሳፈረዋለች። አንዴም ሳታራግብ፣ ሹካ በመሰለው ጭራዋ ብቻ እየመራች፣ እየዞረች እየዞረች ነጥብ እስክታክል ትወጣለች። የምትሳፈረው እኛ የምናማርረውን ሙቀት ነው። በቀዝቃዛ ማለዳ ብትሞክረው ክንፏን እየመታች መድከም ነበረባት። እዚህ ላይ ውበቱ «ሙቀት ቢኖርም» የተገኘ ሳይሆን ሙቀቱ ራሱ የሠራው ነው።

የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታም እንዲሁ ነው። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳዩት፣ በድርቁ ወራት ዕፅዋት የሚያወጡት ዘይት በደረቁ ድንጋይና አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ነጠብጣቡ ሲያርፍበት ይለቀቃል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን የሚሠሩት ሌላ ሽታም ይጨመርበታል። ድርቁ በረዘመ ቁጥር ሽታው ይበረታል። በየቀኑ የሚዘንብበት አገር ሰው ይህን ሽታ በቅጡ አያገኘውም፤ ሐረሬው ግን በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ «አቦ!» ይላል፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በማግስቱም ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከመሬት ሲፈላ፣ ወፉም ዶሮውም ሳይጠራ ሰርግ ይገባል።

እስካሁን የተቃወመኝ የድሬው ሰው ነው፤ እሱ ወዳጅ ነው። ከባዱ ተቃዋሚ አሁን ይመጣል። «ይሄ ሁሉ በጥላ የተቀመጠ ሰው ጨዋታ ነው፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለተሸከመች እናት የቢራቢሮ ክንፍ ምኗ ነው?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በቀልድ አላልፈውም። ሐረር የውሃን ነገር በዋዛ የምታወራ ከተማ አይደለችም። ለዓመታት ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድም ደርቆ መሬት ሆነ፤ ከተማዋ ውሃዋን ከሩቅ ለማምጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ ይዞ ተመልሷል፤ የተጠማው ትውልድ ግን አልረሳም። ስለዚህ ጥማት ውበት የለውም፤ ለተጠማ ሰው ስለ ቢራቢሮ ማውራትም ነውር ነው። እዚህ ድረስ ከተቃዋሚዬ ጋር ነኝ። ከእሱ የምለየው በንግግሩ ውስጥ በሸሸገው ንቀት ነው፤ ደክሞ የሚሠራ ሰው ዓይን የለውም ማለቱ ነው። በጀጎል በሮች ደጃፍ ማገዶና ማንጎ ዘርግተው የሚሸጡትን ከገጠር የመጡ እናቶች ተመልከቱ። የትኛው ዛፍ በስንት ሰዓት ጥላውን ወዴት እንደሚጥል የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ዘንቢላቸውን ይዘው አብረው ይዞራሉ፤ ደንበኛም ፈልጎ ያገኛቸዋል። ስለ ዛፍ ከእነሱ ይልቅ እኔ ዐውቃለሁ የሚል ጥላው የማይነቃነቅ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ተቃዋሚ የተማረ ነው፤ ቁጥር ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. 2024 በመሣሪያ ከተለኩት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር፤ የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመትም ነው። በዚያው ዓመት በሐጅ ወቅት መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሐጃጅ የምትሸኝ ሐረር ይህን ወሬ ከሩቅ አልሰማችውም። «እንዲህ ባለ ዘመን ሙቀትን ማወደስ ግድ የለሽነት ነው» ይለኛል። መልሴ ሙቀትን አላወደስኩም ነው። ሰውን የሚያስቀምጥ ሙቀት አለ፤ ሰውን የሚያጋድም ሙቀት አለ። ወጌ ስለ ፊተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ቴርሞሜትሩ ብቻውን አይወስነውም፤ በአንድ ዓይነት ዲግሪ አንዱ አስፋልት ላይ ሲወድቅ ሌላው ሾላ ሥር የቡና ቅጠል ቁጢውን እየጠጣ ጭልፊት ይቆጥራል። የሚለያያቸው ጥላና ውሃ ነው። የጀጎልን ቤቶች የሠሩት ሰዎች ይህ ገብቷቸዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ትንሽ መስኮት፣ ፀሐይ የማይዘልቅበት ጠባብ መንገድ አበጁ። እኛ ከግንቡ ውጭ የመስታወት ሕንፃ ሠርተን፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ፀሐይ አዙረን፣ ከዚያ ማራገቢያ እንገዛለን። ተቃዋሚዬ ቁጣውን ለእኔ ሳይሆን ለዚህ ቢያውለው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በአቦከርም ይሁን በሌላው ሰፈር መንገድ ስታሰፉ፣ ግቢ ስታሳጥሩ፣ ዘንባባ ተክላችሁ አታባርሩን። ዘንባባ ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ጥላው ግን ለገዛ ግንዱ እንኳ አይበቃም። ሾላውን፣ ዋርካውን፣ ያንን የድሬን ስም የያዘውን ዛፍ ተክላችሁ ውሃ አጠጡልን፤ የበቀሉትን አትቁረጡብን። ከሥራቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ድንጋይ አኑሩ፤ ከቦኖው ጠርዝ ያቺን መዳፍ የምታህል ጭቃም ለቢራቢሮዎቹ ተዉላቸው። ቧንቧው እንደሆነ እስከሚጠገን ማፍሰሱ አይቀርም።